ቁልፏ የምትከፍተውና የማትደብቀው

ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጅ አልይዝ ያለውን አያለሁ፣ ሶፍትዌር እጭናለሁ። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲታገዱ ግን ሱቄ የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ሆነ፦ "ቪፒኤን ጫኚልኝ።" ስሙን የማያውቁት እናቶች ደግሞ "ልጄ፣ ያቺን ቁልፍ አድርጊልኝ" ይሉኝ ነበር። ቪፒኤን ሲበራ ከላይ ባትሪው አጠገብ የምትወጣውን የቁልፍ ምልክት ማለታቸው ነው። እገዳው እስከ ሐምሌ ቆየ።

ያኔ ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ የምናገረውን ነው አሁን የምጽፈው። ቁልፏ የተዘጋ ነገር ትከፍታለች። አትደብቃችሁም፤ ቢያንስ ብዙ ሰው በሚያስበው ልክ አትደብቃችሁም። የተዘጋን ማስከፈትና ራስን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይሄን ሳይለዩ ቁልፏን አይተው የልባቸውን የሚጽፉ ሰዎች ያሳስቡኛል።

መጀመሪያ ምን እንደተዘጋ እወቁ

ኔት ሲበላሽ ሁሉም ሰው ቪፒኤን ፍለጋ ይሮጣል። መዘጋት ግን ዓይነት አለው።

ጉግል ይከፍታል፣ የባንክ አፕ ይሠራል፣ ቴሌግራም ብቻ "ኮኔክቲንግ" እያለ ይንከራተታል? የተመረጡ አፖች ታግደዋል ማለት ነው። ሐምሌ 2008 ላይ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ የተዘጋው እንደዚህ ነበር፤ የ2015ቱም እንዲሁ። ቪፒኤን የተሠራው ለዚህ ነው።

ምንም ገጽ አይከፈትም? ጉግልም የለም? እንግዲያው መስመሩ ራሱ ተቆርጧል። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 የሆነው ይሄ ነው። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። እዚህ ላይ ቪፒኤን ምንም አያደርግም። በኔት ላይ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ኔት ከሌለ መሄጃ የለውም። "እኔ እከፍትልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ አትስጡት።

መሀል ላይ ያለው መጎተት ነው። ጽሑፍ ያልፋል፣ ፎቶ ይንጠለጠላል። ሆን ተብሎ ይሁን ወይም ሰው በዝቶ፣ ከስልኩ ሆኖ መለየት ይከብዳል። ቪፒኤን ሞክሩ፤ ካልፈጠነ አጥፉት፣ ዳታችሁን ይበላል።

ቁልፏ የምትሠራው ሥራ

ስልካችሁ አንድ ገጽ ሲከፍት መስመሩን የያዘው ቴሌኮም የገጹን ስም ያያል። ውስጡን፣ ማለትም የጻፋችሁትንና ያነበባችሁትን፣ ዛሬ አብዛኛው ገጽ ስለሚቆለፍ አያይም። ለማገድ ግን ስሙ ይበቃዋል። ቪፒኤን ሁሉንም በጥቁር ፌስታል ይጠቀልለዋል። ጥበቃው ፌስታል መያዛችሁን ያያል፤ ውስጡ ያለውን አያውቅም።

ችግሩ የፌስታሉ መልክም ይታወቃል። የሚያልፈውን ዳታ መልኩን እየፈተሹ የሚለዩ መሣሪያዎች አሉ። እኛ አገር ቶር የተባለው መሣሪያ በዚህ ዘዴ የታገደው ገና ግንቦት 2004 ላይ ነው። በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞንም ኦኒ የተባለው የኢንተርኔት እገዳ የሚመረምር ቡድንና አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጡት ጥናት የዚሁ ቴክኖሎጂ ምልክት አግኝተዋል። ስለዚህ አንዱ ቪፒኤን ትናንት ሠርቶ ዛሬ ቢቆም አትገረሙ። ሁለት ሦስት ይኑራችሁ። ደግሞ ቀድማችሁ ጫኑ፤ ከተዘጋ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው።

እኔ ለሰው የምጭነው እነዚህን ነው።

ሳይፎን ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ማዕከል ተጀምሮ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኗል። ምዝገባ የለውም። ከፍታችሁ "ስታርት" ትጫናላችሁ፣ በቃ። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ሌላ እየሞከረ ራሱ ይፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት ጥብቅ እገዳ ላይ ጠንካራ ነው። ማስታወቂያ ያበዛል፣ ታገሱት። ለእናቶች የምጭነው እሱን ነው። ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው መሣሪያው የተዘጋ ለማስከፈት እንጂ ለምስጢር ጥበቃ እንዳልሆነ ተናግረዋል። ቃላቸውን ስሙ።

ፕሮቶን ቪፒኤን የስዊዘርላንድ ነው። ነጻው ክፍል ዳታ አይገድብም፣ ማስታወቂያም የለውም፤ አገር ግን አያስመርጥም። ሴቲንግ ገብታችሁ "ፕሮቶኮል" ላይ "ስቴልዝ" የሚለውን ምረጡ። ይሄ የፌስታሉን መልክ ተራ የገጽ ጉብኝት የሚያስመስል ነው። ብዙ ሰው "ፕሮቶን አልሠራልኝም" ብሎ ያጠፋዋል፤ ይሄን አንድ ቦታ ስቀይርለት ይነሳል።

ቶር ብራውዘር ለየት ይላል። የምትከፍቱት ገጽ በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ያልፋል። የመጀመሪያው እናንተን ያውቃል፣ የምትሄዱበትን አያውቅም። የመጨረሻው የምትሄዱበትን ያውቃል፣ እናንተን አያውቅም። ስለዚህ ማንነትን በመደበቅ ከቪፒኤን ይሻላል። ይዘገያል፤ ቪዲዮ ለማየት አይሆንም። የሚሸፍነውም እዚያው ብራውዘር ውስጥ የምትከፍቱትን ብቻ ነው፤ ሌላ አፕ አይነካም። አልገናኝ ካለ ሴቲንግ ውስጥ "ብሪጅ" የሚል አለ፤ "ስኖውፍሌክ" የሚለውን ምረጡ። በቶር ገብታችሁ በራሳችሁ ስም ፌስቡክ ከከፈታችሁ ግን ማን እንደሆናችሁ ለፌስቡክ ነገራችሁት።

የትኛውንም ቪፒኤን ብትጭኑ አንድሮይድ ላይ ይሄን አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ ቪፒኤን የሚለውን ፈልጉ፣ ከቪፒኤኑ ስም ጎን ያለችውን ባለ ጥርስ ክብ የሴቲንግ ምልክት ንኩ። "ኦልዌይስ ኦን ቪፒኤን" የሚል ታገኛላችሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ቪፒኤን ሳይበራ ኮኔክሽን የሚከለክል ሌላ ማብሪያ አለ። ሁለቱንም አብሩ። ቪፒኤን መሀል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ሲቋረጥ አፖቹ በቀጥታ ይወጣሉ፣ እናንተም ሳታውቁት። ይሄ ያንን ይዘጋል። አንዳንድ የባንክ አፕ በውጭ አገር አድራሻ ሲገቡበት እምቢ ይላል፤ ለእሱ ማብሪያዎቹንም ቪፒኤኑንም ለደቂቃ አጥፉ።

ስለ ነጻ ቪፒኤን የማልደራደርበት ነገር

ቪፒኤን ስትከፍቱ ቴሌኮሙ ያይ የነበረውን የቪፒኤኑ ባለቤት ማየት ይጀምራል። ዓይኑ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ "ይሠራል ወይ" ብቻ ሳይሆን "የማን ነው" ብላችሁ ጠይቁ።

ኦናቮ የሚባል ነጻ የቪፒኤን አፕ ነበር። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ገዛው። "ዳታህን እጠብቃለሁ" እያለ ሰው በስልኩ የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚጠቀም ለፌስቡክ ይሰበስብ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ከአፕል መደብር ወጣ፣ በዓመቱ ተዘጋ። ባለቤቱ የታወቀ ትልቅ ድርጅት ሆኖ ይሄን ካደረገ፣ ስሙ የማይታወቅ አፕ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ሱቅ ውስጥ የማየው ከዚህም የባሰ ነው። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ "ፕሪሚየም ሞድ" ቪፒኤን፤ "ነጻ ኔት" ተብሎ የሚበተን የኮንፊግ ፋይል። ልጆቹ ፓኬጅ ሳይገዙ ዳታ ስለሚያገኙበት ይወዱታል። ፋይሉ ግን ስልካችሁን የሚያገናኘው ማንነቱ ከማይታወቅ ሰው ሰርቨር ጋር ነው። የምትሄዱበትን ሁሉ ያ ሰው ያያል። አንድ ጊዜ የአንድ ተማሪ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቪፒኤን አገኘሁ፤ ፈቃዱን ስከፍት ኮንታክት፣ ኤስኤምኤስ፣ ማይክ፣ ሎኬሽን፣ ሁሉም ተፈቅዶለታል። ቪፒኤን ኤስኤምኤስ ማንበብ ምን ያደርግለታል? የባንክ ኮድ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ይህን የሚጠይቅ ቪፒኤን ካያችሁ ሳትከራከሩ አጥፉት።

እገዳ ሲኖር ኤፒኬ፣ ማለትም የአፕ መጫኛ ፋይል፣ ከስልክ ስልክ በዜንደር መላላክ የተለመደ ነው፤ እኔም እልካለሁ። ከማን እንደተቀበላችሁ እወቁ። ፕሌይ ስቶር ሲከፈት እዚያው ገብታችሁ አፕዴት አድርጉት። ኤፒኬው ተነካክቶ ከሆነ ፊርማው ስለማይገጥም አንድሮይድ አፕዴቱን አይቀበልም። እንደዚያ ካለ አጥፍታችሁ ከፕሌይ ስቶር እንደ አዲስ ጫኑ።

ቁልፏ የማትሸፍነው

ተራ ስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ በቪፒኤን አያልፉም። ማን ለማን እንደደወለ፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው ማማ ሥር ሆኖ፣ ሁሉም ቴሌኮሙ ዘንድ ይመዘገባል። ሲሙ በመታወቂያችሁ ወጥቷል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ እንደተከፈተላቸው ተናግረዋል። ስለዚህ አደባባይ ሊወጣ የማይገባው ነገር በተራ ጥሪ አይነገርም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ትልቅ አለመግባባት አለ። አገሩ ሁሉ "ምስጢር ከሆነ ቴሌግራም ላይ ላክልኝ" ይላል። የቴሌግራም ተራ ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ የተቆለፈ አይደለም፤ ቅጂው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ግሩፕም ቻናልም እንደዚሁ። ከቻቶቹ የተቆለፈው "ሲክሬት ቻት" ብቻ ነው፤ እሱንም ራሳችሁ የሰውየው ፕሮፋይል ገብታችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ካልከፈታችሁት አይኖርም። ዋትሳፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽሑፉንም ጥሪውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቆልፋል። ግን ጉግል ድራይቭ ላይ የሚቀመጠው ባክአፕ እናንተ ካልቆለፋችሁት ክፍት ነው፤ ቻት ባክአፕ ውስጥ ማብሪያው አለ። ሲግናል ከሁሉም ይሻላል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስልክ ቁጥራችሁን ሳትሰጡ በዩዘርኔም መገናኘት ይቻላል።

ቴሌግራም አትተዉት፤ ሕይወታችን እዚያ ላይ ነው። አጥሩ ግን። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ። "ፎን ነምበር" የሚለውን "ኖባዲ" አድርጉ፤ ከሥሩ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ ለሚለው "ማይ ኮንታክትስ"። አንድ ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ቁጥራችሁ ከታየ ስማችሁ ታየ ማለት ነው። ከዚያ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ገብታችሁ ፓስወርድ አውጡ፣ ማስመለሻ ኢሜይልም ስጡት። ይሄን ዛሬውኑ አድርጉ። ያለዚህ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ የያዘ ሁሉ ቴሌግራማችሁን ይከፍታል። ሲማችሁን ያስወጣ ሰው፣ ስልካችሁን ለደቂቃ የያዘ ሰው።

ሱቄ የሚመጣው የቴሌግራም ጠለፋ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ከወዳጅ አካውንት መልእክት ይመጣል፦ "የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪያት።" ሊንኩ ይከፈታል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ያ ኮድ የቴሌግራም መግቢያችሁ ነው። ወዳጃችሁም ቀድሞ የተጠለፈ ነው። የደረሰበት ሰው ደንግጦ አፑን ያጠፋል፤ ይሄ ከሁሉም የከፋ ነገር ነው። አታጥፉት! ሴቲንግ ውስጥ "ዲቫይስስ" ግቡ። የገባው ሰው ስልክ እዚያ ተዘርዝሯል፣ ከየት እንደገባም ይላል። "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" ንኩ፣ ይወጣል። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ለ24 ሰዓት ሌላውን ማስወጣት እንዳይችል ያደርጋል። ስለዚህ በዚያ ቀን ውስጥ ኃይሉ እናንተ ጋ ነው። አፑን ካጠፋችሁት ግን ያንን ኃይል ለሌባው ለቀቃችሁለት። ካስወጣችሁት በኋላ ወዲያው ፓስወርድ አውጡ፣ ለሰው ሁሉ ተጠልፌ ነበር ብላችሁ ንገሩ።

ፎቶ ስትልኩም አስቡ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት በውስጡ ያለው የቦታ መረጃ ይነሳል። "እንደ ፋይል" ከላካችሁት አብሮ ይሄዳል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው በፋይል የሚልኩ ሰዎች የቤታቸውን አድራሻ አብረው ይልካሉ። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን አጥፉ፤ ከሥሩ ይቆማል።

ስልኩ ራሱ

መስመሩን ብትጠብቁ ስልኩ ከተነካ ሁሉም ከንቱ ነው። ሲቲዝን ላብ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምርመራ ውጭ አገር ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና የሚዲያ ሰዎች እንዴት እንደታደኑ ያሳያል። ኢሜይል ይደርሳቸዋል፣ የቪዲዮ ሊንክ አለው። ገጹ የሚያውቁትን የኦሮሞ ሚዲያ ይመስላል። ቪዲዮውን ለማየት "ፍላሽ ፕሌየርህን አፕዴት አድርግ" ይላል። አፕዴቱ ኮምፒውተራቸው ውስጥ የሚገባ መሰለያ ነው። እዚህ ላይ የትኛውም ቪፒኤን አያድንም፤ ሰላዩ የገባው በራሳቸው እጅ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ቪዲዮ ለማሳየት ምንም ነገር ጫኑ ካላችሁ ውጡ። የእውነት አፕዴት የሚመጣው ከስልኩ ሴቲንግ ወይም ከፕሌይ ስቶር ነው።

የስክሪን መቆለፊያችሁ ቢያንስ ስድስት ቁጥር ይሁን። መስመር የመሳል ፓተርን አልወደውም፤ ከጎን ቆሞ ያየ ሰው ይይዘዋል፣ የጣት ቅባቱም መስታወቱ ላይ ይነበባል። ስልክ ሊገላበጥ ይችላል ብላችሁ በምትጠረጥሩበት መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከቤት ሳትወጡ አሻራውን አጥፉና ቁጥር ብቻ ይሁን፤ አሻራ በግድም ይወሰዳል። የማያስፈልጋችሁን ግሩፕ ውጡ፣ የቻት ታሪክ በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ። ቪፒኤኑ ራሱ አይኮኑ እዚያ እንደተቀመጠ አትርሱ። የዞን 9 ጦማርያን ሚያዝያ 2006 ላይ ታስረው ሲከሰሱ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ ክሱ ላይ ተጠቅሶ ነበር። በኋላ ተፈቱ፤ ግን ራስን ስለመጠበቅ መማር እንደ ወንጀል ማስረጃ የቀረበበት ጊዜ ነበር። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ለጥገና ስልክ ስትሰጡም፣ የሙያዬን ነገር ልንገራችሁ፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አትስጡን። ስክሪን ለመቀየር ጋለሪያችሁ ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። አዲሶቹ ሳምሰንጎች ላይ "ሜይንተናንስ ሞድ" የሚል አለ፤ ዲቫይስ ኬር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስታበሩት ስልኩ ለእኛ ባዶ ሆኖ ይከፈታል፣ ፎቶውም ቻቱም ተደብቆ ይቆያል። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ የሚከፋ ጠጋኝ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሚሞሪ ካርዱን ደግሞ ሁልጊዜ አውጡ። ስልኩ ቢቆለፍም ካርዱ አይቆለፍም።

ውጭ ላላችሁ

ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ እህቶች ከእኛ የተለየ ነገር ነው ያለባችሁ። እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ ዝግ ነው፤ ብዙዎች በቪፒኤን ይደውላሉ። የ2021 እ.ኤ.አ. የኤምሬትስ የሳይበር ሕግ ግን አድራሻን ደብቆ ወንጀል መፈጸምን ወይም ወንጀልን መሸሸግን ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ለዚህ ቅጣት አይበቃም። ለቤተሰብ ጥሪ የተፈቀደውን ቦቲም ተጠቀሙ፤ እናታችሁ ስልክ ላይ እዚህ ሆኜ እጭንላቸዋለሁ። ቦቲም ላይ ግን እንደ ተራ ስልክ አውሩ።

ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ሎንዶን ያላችሁ ደግሞ በጣም የሚጠቅም ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ቅድም "ስኖውፍሌክ" ያልኩት መንገድ የሚሠራው በፈቃደኞች ብራውዘር ነው። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኤክስቴንሽኑን ጫኑና ክፍት ተዉት። የታገደበት አገር ያለ ሰው በእናንተ ኮኔክሽን ወደ ቶር ይገባል። የሚከፍተው ገጽ በእናንተ አድራሻ አይወጣም፤ እናንተ መግቢያ በር ብቻ ናችሁ።

መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲቆረጥ

ያኔ የሚጠቅመው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ብቻ ነው። ብራየር የሚባል አፕ አለ፤ ኔት ሳይኖር በብሉቱዝና በዋይፋይ በአቅራቢያ ካለ ሰው ጋር ያጻጽፋል። ሩቅ አይደርስም፣ ጎረቤትና ግቢ ውስጥ ይሆናል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን አውርዶ ያስቀምጣል፤ ተማሪ ላለበት ቤት ይጠቅማል። የቪፒኤኖቻችሁን ኤፒኬ ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጡ።

አስፈላጊ ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዳታ ተቆርጦ ተራ ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጭ ካለ ሰው ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዋትሳፕ ዝም ካለ በስንት ሰዓት በየትኛው ቁጥር ይደውል፣ የቤት ስልክ ያለው ጎረቤት ማን ነው፣ ካልተገኛችሁ ማንን ይጠይቅ። ለእናቶች ይሄን በትልቁ ጽፌ ከስልኩ ሽፋን ኋላ አስገባላቸዋለሁ።